ጎትተሽ እንቢ ካለ፣ ገና ነው

ዛሬ ጠዋት የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን እየገፋሁ ወደ መንገድ ሳወጣ ጎማው አንድ ቅጠል ጨፈለቀ። ሌሊቱን ውርጭ ጥሎ ነበር። ትናንት ቢጫ ሆኖ ቆሞ የነበረው ቅጠል ሁሉ ዛሬ ውሃ እንደነካው ወረቀት መሬት ላይ ተለጥፏል። ከተጨፈለቀው ሽታ ወጣ፤ ድስት ውስጥ ተረስቶ ያደረ የጎመን ውሃ የሚሸት ዓይነት ነው። ደስ የሚል ሽታ አይደለም። እኔ ግን ቆሜ አሸተትኩት። ጎረቤቴ ከመኪናዋ ውስጥ እጇን አውለበለበችልኝ፤ አውለበለብኩላት፣ ቆሜም ቀረሁ።

ሆስታ ታውቂያለሽ? ግንድ የለውም፣ ቅጠል ብቻ ነው። ከመሬት ይነሳና ወደ ዙሪያው ይዘረጋል፤ የአንዳንዱ ጠርዝ ነጭ ነው። ጥላ ይወዳል። የኮሎራዶ ፀሐይ ደረቅና ክፉ ስለሆነች ከቤቱ በስተሰሜን ግድግዳ ሥር ካልተከሉት ይቃጠላል። ለማያውቀው ሰው ጎመን ነው የሚመስለው። ስንቱ አበሻ ቆሞ አይቶት፣ ይህን የመሰለ ጎመን ዝም ብላችሁ ታስረጁታላችሁ ብሎናል።

እኔ ሆስታን ያወቅኩት አደይ ቤት ነው። አደይ በትግርኛ እናቴ እንደማለት ነው፤ ልጃቸው እንደዚያ ሲጠራቸው ሰምቼ እኔም አደይ አልኳቸው። እናቴ አልነበሩም፣ አከራዬ ነበሩ። በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አሥራ አራት ነበር፣ ሃያ ዓመቴ። በዲቪ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። አውሮራ ውስጥ ከፒዮሪያ ስትሪት ትንሽ ገባ ብሎ ባለው ቤታቸው ቤዝመንቱን፣ ምድር ቤቱን፣ ተከራይቼ፣ ጠዋት አንድ ሆቴል ቁርስ አቀርባለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ኮሌጅ እማራለሁ።

ስለዚያ ጊዜ ሰው ሲጠይቀኝ፣ ከብዶሽ ነበር ወይ ይለኛል። አልከበደኝም። ምንም አልነበረም። የጥርስ ሐኪም መርፌ ያደነዘዘውን ጉንጭ ታውቂው የለ? ስትነኪው የሌላ ሰው ጉንጭ ነው። እኔ ሁለመናዬ እንደዚያ ነበር። እሠራለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ለደወለልኝ ሁሉ ደህና ነኝ እላለሁ። ውሸቴን አልነበረም።

አደይ አስመራ ተወልደው አድገው በልጅነታቸው በአማርኛ የተማሩ ሴት ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ የጠራ ነበር፤ ስኮላተፍ ያርሙኝ ነበር። ዴንቨር መሃል ከተማ ባለ አንድ ትልቅ ሆቴል አልጋ ሲያነጥፉ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ሆስታውንም ያመጡት ከዚያ ነው። የሆቴሉ አትክልተኛ መደቡን ሊቀይር ነቅሎ የጣለውን አይተው ሦስት ሥር ለመኑት። በቆሻሻ ላስቲክ ጠቅልለው፣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ በአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ኢስት ኮልፋክስን ከዳር እስከ ዳር ይዘውት መጡ። ላስቲኩ ተቀዶ ቀሚሳቸው በጭቃ ተለወሰ፤ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ተነስቶ ሌላ ወንበር ፈለገ። ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ ይስቁ ነበር። እኔ ስደርስ ሦስቱ ሥር በየጊዜው እየተከፈለ አሥራ አንድ ሆኖ ነበር።

የዚያን ዓመት መስከረም ሲያልቅ ቅጠሎቹ መደብዘዝ ጀመሩ። መጀመሪያ አረንጓዴው ብርታቱን ያጣል፣ ታጥቦ እንደለቀቀ ጨርቅ። ከዚያ ከጠርዙ ቢጫ ይሆንና ቢጫው ወደ ውስጥ ይገባል፤ መሃል ያለው ጅማት ብቻ እስከ መጨረሻው አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል የጎረቤት መስኮት ላይ ነጥራ ለአንድ አፍታ እዚያ ጥላ ውስጥ ትገባለች። ያን ጊዜ ቢጫው ሁሉ ይበራል፣ አምፖል የበራበት ይመስላል። አደይ ሻያቸውን ይዘው ያችን አፍታ ይጠብቁ ነበር።

እኔ እየሞተ ነው ብዬ መቀስ ይዤ ቀረብኩ። ተይ አሉኝ። ቅጠሉ ዝም ብሎ የሚደርቅ እንዳይመስለኝ፣ በጋውን ሙሉ ከፀሐይ የሰበሰበውን ወደ ሥሩ እየመለሰ እንደሆነ፣ ሳይጨርስ ከቆረጡት ሥሩ ክረምቱን ጾሙን እንደሚያድር ነገሩኝ። በምን ይታወቃል ብላቸው አንዱን ቅጠል ከሥሩ ያዝ አድርገው ቀስ ብለው ሳቡት። አልመጣም።

"ጎትተሽ እንቢ ካለ፣ ገና ነው" አሉኝ። "እሺ ካለ ጨርሷል።"

ውርጩ ሲመታው እሺ ይላል። ያን ጊዜ ሰብስበው፣ በየቦታው አንዳንድ የእንጨት ማማሰያ ይተክላሉ። ሆቴል እያሉ ያጠራቀሟት ቡና ማማሰያ ናት፣ ስስ ቁራጭ እንጨት። ምክንያቱም ሆስታ ሲተኛ ከላይ ምንም አይተውም፤ ባዶ መሬት ነው። በጸደይም የሚነሳው ከሁሉ ኋላ ስለሆነ ምልክት ካላደረጉበት ሰው ይረግጠዋል፣ ወይ ሌላ ነገር ይተክልበታል።

አደይ በዓለም ላይ ሁለት ሰው ነበራቸው። አንዱ ልጃቸው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ትራክ እየነዳ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር የሚዞር፣ በወር ጥቂት ቀን ፎቅ ላይ ባለችው ክፍሉ የሚያድር ዝምተኛ ሰው። ሁለተኛው አስመራ ያለው ወንድማቸው ነው። እሳቸው ሱዳን፣ ከዚያም አሜሪካ ሲንከራተቱ ልጁን ከሦስት ዓመቱ እስከ አሥራ ሰባት ዓመቱ ያሳደገው እሱ ነው። ልጁ አባቴ የሚለው እሱን ነበር። የሁለቱ ፎቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ተሰቅሎ ነበር። አደይ ሲጸልዩ "ወንድሜንና ልጄን" ይላሉ፣ እንደ አንድ ሰው ስም።

በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ረቡዕ ከኮሌጅ ስመለስ፣ ፒዮሪያ ላይ ያለው አውቶቡስ ማቆሚያ አጠገብ የእድሩ ሽማግሌ መኪናቸውን አቁመው ጠበቁኝ። ድሮ ታክሲ ይነዱ የነበሩ፣ ቤት በመጡ ቁጥር ጎመናችሁ እንዴት ከረመ እያሉ አደይን የሚያበሽቁ ተጫዋች ሰው ናቸው። ያን ቀን አልቀለዱም። ግቢ አሉኝ። ገባሁ።

የአደይ ወንድም አስመራ ውስጥ አርፏል። ልጃቸው ሰምቷል፤ ጭነት ይዞ ኦሪገን ነው ያለው፣ ቅዳሜ ሳይነጋ ይደርሳል። እሱ በተገኘበት ቅዳሜ ንጋት ላይ መርዶው ይነገራቸዋል። መርዶ በእኛ ዘንድ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ባለቤቱ መጨረሻ ነው የሚሰማው። ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ እንጀራው ይታዘዛል፣ ወንበሩ ይጫናል፣ ባለቤቱ ግን ሻዩን ይጠጣል። ብቻውን እንዳይሰማው፣ ሰው ሳይከበው እንዳይወድቅ ተብሎ ነው። ክፋት የለውም። እስከ ዛሬም ክፋት አለው አልልም።

ሽማግሌው ሥራዬን ነገሩኝ። የቤቱን ስልክ ከግድግዳው ልነቅል፣ የእጅ ስልካቸውን ሰበብ ፈልጌ ልወስድ። ልጁም እስኪመጣ እንዳይደውል ነግረውታል፤ ድምፁ ያስታውቅበታል። የቀረው ግቢው ነበር።

"ወንበር የሚደረደረው በጎን በኩል ነው" አሉኝ። "ያርዱን ክሊን አድርጊው። ያንንም ጎመን አንሺው፣ ሰው ይረግጠዋል።"

እሺ አልኩ። መኪናቸው ሚንት ማስቲካ ይሸት እንደነበር ትዝ ይለኛል። ሌላ የተሰማኝ ነገር የለም። ወርጄ በእግሬ ቤት ሄድኩ። ማታውን የቤቱን ስልክ ነቀልኩ፤ የአደይን የእጅ ስልክ ስክሪኑ ተበላሽቷል፣ ላሠራልዎት ብዬ ተቀበልኳቸው። አንገራግረው እንኳ አልጠየቁኝም። መርቀው ሰጡኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የዓይን ሐኪም አፖይንትመንት ነበራቸው፤ ታካሚ የሚያመላልሰው ቫን መጥቶ ወሰዳቸው። የወጥ ቤቱን መቀስ ይዤ ወጣሁ። ቅጠሎቹ ጠርዛቸው ብቻ ነበር ቢጫ፣ መሃላቸው ገና አረንጓዴ ነው። የመጀመሪያውን ያዝ አድርጌ ሳብኩት። እንቢ አለ። ሁለተኛውንም ሳብኩት። ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። አሥራ አንዱንም ቆረጥኩ። አገዳቸው ውስጡ ውሃ ስለነበረ መቀሱ በገባ ቁጥር ቀጭ ቀጭ ይል ነበር፤ እጄ እስከ አንጓዬ ረጠበ። ሁለት ጥቁር ላስቲክ ሞላሁ፤ ግቢውን ጠረግኩ፤ የውሃውን ጎማ ጠመጠምኩ። ሲያልቅ ቦታው ሰፊ ሆነ። ሰላሳ ወንበር ይይዛል ብዬ አሰብኩ።

አደይ ዓይናቸው ውስጥ ጠብታ ስለተደረገላቸው ጥቁር የፕላስቲክ መነጽር አድርገው ከቫኑ ወረዱ። በጎን በኩል መጡ፣ ልማዳቸው ነው። ቆሙ። መነጽሩን አወለቁት።

"ለምን ቆረጥሻቸው?"

"ጠውልገው ነው።"

ጎንበስ ብለው አንዱን ጉቶ በጣታቸው ነኩት። ጣታቸውን አዩት፣ ርሷል። "አልጠወለጉም" አሉ።

ከዚያ ቀና ብለው የተጠረገውን ግቢ አዩ፣ የተጠመጠመውን የውሃ ጎማ አዩ፣ እኔን አዩኝ። ያላሰብኩት ነገር ይሄ ነው። አደይ በዚያች ከተማ የስንቱን ሰው መርዶ ሊናገሩ ንጋት ላይ በር አንኳኩተዋል፤ የስንቱን ግቢ ባለቤቱ ሥራ እንደሄደ በድብቅ አስጠርገዋል። ማንም ሰው በሐሙስ ቀን ያለ ምክንያት የሰው ግቢ ለወንበር እንደማያስተካክል ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

"ማን ሞቶብኝ ነው?" አሉ። ድምፃቸውን አላነሱም።

"ማንም።"

"ልጄ ደውሏል?"

"ደውሏል። ደህና ነኝ ብሏል።"

"በየትኛው ስልክ?"

"በእኔ።"

እጃቸውን ዘረጉ። "አሳዪኝ።"

ባትሪው አልቋል አልኳቸው። እጃቸው ለትንሽ ጊዜ አየር ላይ እንደተዘረጋ ቆየ። ከዚያ ሰበሰቡት። "እሺ" አሉና በጓሮ በር ገቡ።

ልጃቸው ደህና ነበር። የነገርኳቸው ነገር እውነት ነበር፣ ያልደወለ መሆኑ ብቻ ነው ውሸቱ። ግን ስለ ቅጠል ዋሽቼ ስለ ልጅ ማን ያምነኛል? ጎረቤት ሄደው ስልክ ለምነው መደወል ይችሉ ነበር። አልሄዱም። ያን ጊዜ ለምን እንዳልሄዱ አልገባኝም ነበር፤ ዛሬ ይገባኛል። መርዶው እስኪነገራቸው ድረስ ልጃቸውም ወንድማቸውም ለእሳቸው በሕይወት ነበሩ።

ዓርብ ሥራ አልነበረኝም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ለፈተና አነብ ነበር። አደይ የልጃቸውን ክፍል ከፍተው አልጋውን አነጠፉ፣ እንደ ሆቴል፣ ጥጉን አጥፈው፣ አንድ መስመር ሳያስቀሩ። ከዚያ ገፈፉትና እንደገና አነጠፉት። ሦስት ጊዜ ይመስለኛል። አልጋው ጫፍ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ተቀመጡ፣ እንዳይጨማደድባቸው። ቆይተው ወደ ሳሎን ወረዱና የወንድማቸውን ፎቶ አውርደው መስታወቱን በነጠላቸው ወለወሉ፣ ሰቀሉት፣ የልጃቸውን አወረዱ። ምሳ ሠርተው ጠሩኝ። በላሁ። ጨው እንዳልነበረው አስታውሳለሁ፤ አደይ ጨው ረስተው አያውቁም ነበር። አልነገርኳቸውም።

ከሰዓት በኋላ መንገድ ወጥቼ ለሽማግሌው ደወልኩ፤ የጠረጠሩ ይመስለኛል አልኳቸው። ሁሉም ይጠረጥራል ልጄ፣ አንድ ቀን ቻዪ አሉኝ። ልጃቸው የሞተ መስሏቸው ነው፣ የሚል አንድ ነገር መጨመር ነበረብኝ። አፌ ላይ ነበር። አልጨመርኩም። እሺ ብዬ ዘጋሁ። ፈርቼ ቢሆን ጥሩ ነበር። አልፈራሁም። እሺ ማለት ይቀለኝ ነበር፣ በቃ።

በዚያው ሌሊት ዋዮሚንግ ላይ በረዶ ጥሎ አውራ ጎዳናው ተዘጋ፤ ልጁ መንገድ ላይ ቀረ። ሽማግሌው ግን ወሬው ኮልፋክስን አዳርሷልና ከዚህ በላይ አይያዝም አሉ። ቅዳሜ ሳይነጋ ስምንት ሰው ሆነው መጡ፣ ሳያንኳኩ በሩ ተከፈተ። አደይ ታጥበው፣ ጥቁር ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ጥለቱን ወደ አንገታቸው አምጥተው ቆመዋል። ሊያረዷቸው የመጡት ሰዎች ደነገጡ። አንደኛዋ ሴት ማን ነገራቸው ብላ ወደኔ ዞረች።

ሽማግሌው አስቀመጧቸው። እንደ ወጉ ከሩቅ ነው የጀመሩት፤ የአዳም ልጅ ሁሉ መንገዱ አንድ እንደሆነ፣ ቀድሞ የሄደም እንዳልራቀ። አደይ ጉልበታቸውን ይዘው "ንገሩኝ" አሉ።

"ወንድምሽ ነው" አሉ ሽማግሌው። "አስመራ ያለው ወንድምሽ።"

"ተመስገን" አሉ አደይ።

ሁለት ጊዜ ነው ያሉት። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ከሆዳቸው።  እሪ ልትል አፏን የከፈተች ሴት ከነ አፏ ቀረች። ከዚያ አደይ ዓይናቸውን ገልጠው ፊት ለፊት ያለውን የወንድማቸውን ፎቶ አዩና ያሉት ነገር ገባቸው። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ለቅሶውም መጣ፣ ብዙ ለቅሶ፣ ግን ዘግይቶ ነበር።

ወጥ ቤት ውስጥ አንዷ ክንዴን ይዛ ምንድን ነው ያሉት አለችኝ። እኔ እንጃ አልኳት። ያን ጠዋት ይህን ነገር የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለሁለት ቀን ልጃቸውን ቀብረው እንዳደሩ፣ ያመሰገኑት ስለ ልጃቸው መሆኑን፣ ወንድማቸውን ጠልተው እንዳልሆነ። በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ነው። እኔ እንጃ አልኩና ውሃ የያዙትን ጠርሙሶች መደርደር ቀጠልኩ።

ልጁ እኩለ ቀን ላይ ደረሰ። ከትራኩ ወርዶ፣ እኔ ባጸዳሁት ጎን በኩል፣ በጉቶዎቹ ላይ በተደረደሩት ወንበሮች መሃል ሲያልፍ አንዱ ሰው አስቁሞ ነገረው። እናትህ ስለ አጎትህ ሲነገራት ተመስገን አለች ብሎ። አባቴ ስለሚለው ሰው ማለት ነው። ሲገባ አደይ ተነስተው ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ግንባሩን፣ ጆሮውን፣ አንገቱን አሸተቱት። እሱ እጁን ወደ ታች ለቆ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ እጃቸውን አስለቀቀና ሄዶ በፎቶው ሥር አለቀሰ።

አርባው ካለፈ በኋላ በኅዳር አንድ ቀን፣ ማማሰያዎቹን ልንተክል ወጣን። ቦታው ባዶ መሬት ነበር፣ የወንበር እግር የቆፈረው ጉድጓድ ብቻ ይታያል። አደይ ባዶውን እያዩ እዚህ አንድ፣ እዚህ አንድ ይሉኛል፣ እኔ እተክላለሁ። ለልጃቸው እንዲነግሩት ለመንኳቸው፤ እኔው ልንገረው አልኩ። ልጁ ወደ ቤት ከመጣ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር።

"እንዳትነግሪው" አሉኝ። "በእኔ ፈንታ አጎቴ ሞተ ብላ ደስ አላት፣ ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ከሚሸከም፣ እኔን ይቀየመኝ። ለእኔ ይቀለኛል።"

ቃል አልገባሁላቸውም፤ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ደግሞ በእኛ ዘንድ እሺ ማለት ነው።

በግንቦት ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ተነሳ፣ ቀጠን ብሎ፤ ሁለቱ በማማሰያቸው ሥር ቀሩ። አደይ አልወቀሱኝም። ልጃቸው በበዓል በበዓል ይመጣ ነበር፤ ጃኬቱን ሳያወልቅ ይቀመጥና ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። አደይም እስከ በር ይሸኙትና መኪናው እስኪታጠፍ ቆመው ያያሉ። እንደዚያ አራት ዓመት አለፈ። እኔ በመሃል ትዳር ይዤ ስወጣ አንድ ሥር ከፍለው በቆሻሻ ላስቲክ ጠቅልለው ሰጡኝ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ወሰድኩት።

አደይ በሁለት ሺህ አሥራ ዘጠኝ ጥር ላይ አረፉ። መሬቱ በረዶ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ዘጠኝ እንጨት ብቻ ቆሟል። ለቅሶው ላይ ከልጃቸው ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። እግዜር ያጽናህ አልኩት፣ ከዚያ ሌላ ያልኩት ነገር የለም። ቤቴ ገብቼ ልብሴን ሳላወልቅ አልቅሼአለሁ። ያ የደነዘዘው ጉንጭ ያን ቀን ነው የተመለሰው፣ ሲመለስም አመመኝ።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ልጃቸው ደወለልኝ። "ቤቱን ልሸጠው ነው" አለኝ። "ቤቱን የምታሻሽጠው ሪልተር ያርዱን ክሊን አድርግ ብላኛለች። ያን ተክል ከፈለግሽው ነይና ውሰጂው።"

ስደርስ ትልቅ መቀስ ይዞ ግድግዳው ሥር ተንበርክኳል። ቅጠሎቹ ከጠርዛቸው ቢጫ ሆነዋል፣ መሃላቸው አረንጓዴ ነው።

"አትቁረጠው" አልኩት።

"ለምን? ሊሞት አይደል እንዴ?"

"አይሞትም፣ ገና አልጨረሰም። ጎትተህ እንቢ ካለ ገና ነው።"

ማን እንዳለው አልጠየቀኝም። አነጋገሩን አወቀው መሰለኝ። መቀሱን አስቀመጠ። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ነገርኩት። የሽማግሌውን መኪና፣ መቀሱን፣ የተዘረጋውን እጅ፣ አለቀ ያልኩትን ባትሪ፣ ሦስት ጊዜ የተነጠፈውን አልጋ። እንዳትነግሪው ያሉኝንም ሳይቀር። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ስጨርስ የጎረቤቱ መስኮት ፀሐይዋን መልሶ ቅጠሉ ላይ ጥሎት ነበር።

"ሁለት ቀን ሙሉ ሞቷል ብላ?" አለኝ።

"ሁለት ቀን።"

"ድምፄን ከሰማች ታውቃለች ብዬ እኮ ነው ያልደወልኩት" አለ። አንዱን ቅጠል ከሥሩ ያዘና ሳብ አደረገው። እንቢ አለው። ለቀቀው።

በዚያ ቀን አልነቀልነውም። ሪልተሯን ጠብቂ አላት፤ ሦስት ሳምንት ተቆጣች መሰለኝ። ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ባዶው ቤት እየሄደ ቅጠሉን ይስብ እንደነበር ኋላ ነው የነገረኝ። አንድ ጠዋት፣ እንደ ዛሬው ውርጭ ጥሎ ባደረ ጠዋት ደወለልኝና፣ እሺ አለ፣ አለኝ። አካፋ ይዤ ሄድኩ። አራቱን እሱ ወሰደ፣ አምስቱን እኔ።

ዛሬም ማጠራቀሚያውን መንገድ ላይ ትቼ ተመለስኩና ጎንበስ ብዬ አንዱን ያዝ አደረግኩት። ሳልስበው መጣ። ስልኬን አወጣሁና ደወልኩለት፤ ኔብራስካ ውስጥ የሆነ ቦታ እየነዳ ነበር። ከዚያ ዓመት ወዲህ አንድ ልማድ አለው፤ ስልክ ሲያነሳ ማን ነው አይልም፣ ሰላምታ አያስቀድምም። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው።

"አለሁ" አለኝ።